ከሰማይ የመጣው ሄልሜት፦ ስምንት ወር ጣና ላይ

የካሜራ ሄልሜቱን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ስምንት ወር ሙሉ በጀልባ፣ በእግር፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ (ሞኝነቴን ነው የምነግራችሁ) በሞተር ላይ አድርጌዋለሁ።

ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ እቀርጻለሁ። ጾም ሲገባና ሠርግ ሲቆም ጣና ላይ ከእንግዶች ጋር እወጣለሁ። ጀልባ ላይ አንድ እጅ ካሜራ ከያዘ፣ ሌላው እጅ የጀልባውን ጠርዝ ከያዘ፣ እቃ የሚያቀብል እጅ አይተርፍም። ጎፕሮ የሚባለው ትንሽ ካሜራ ነበረኝ፤ ሂሮ 7 ብላክ፣ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው። የጠፋው ራሴ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ነገር ነው።

ከዱባይ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ እዚያ ፓራሹት ይዘል ነበር። በእኛ ሰፈር ከሚበር አውሮፕላን ላይ በፈቃዱ የወረደ ሰው እሱ ብቻ ነው። ይዞት የመጣውን የካሜራ ሄልሜት በ7,000 ብር ሸጠልኝ።

ፊቱ ክፍት ነው፤ ጆሮን ይሸፍናል። ከላይ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው፤ ካሜራው እዚያ ላይ በብሎን ይታሰራል። ቅርፊቱ ካርቦን ፋይበር ስለሆነ ቀላል ነው። አገጭ ላይ ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ቀበቶ አለው፤ ሲገፉት ጠቅ ጠቅ እያለ ይጠብቃል። ከጎኑ ደግሞ ቀይ ማንሻ አለ። እሱን ስትስቡት የአገጩ ማሰሪያ ባንዴ ይለቃል።

«ይሄ ቀዩ ለምንድነው?» አልኩት።

«ፓራሹቱ ሲከፈት ገመዱ ካሜራህ ላይ ከተጠመጠመ አንገትህ ነው የሚሄደው። ያኔ ይሄን ስበህ ሄልሜቱን ትጥለዋለህ።»

ከዚያ ወዲህ ትንሽ አነበብኩ። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ቢያንስ 200 ጊዜ ያልዘለለ ሰው ካሜራ ይዞ እንዳይዘል ይመክራል። አንደኛው ምክንያት ይሄው የገመድ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ካሜራ የያዘ ሰው ሐሳቡ ቪዲዮው ላይ ስለሚሆን ከፍታውን ይረሳል። እኔ የምቀርጸው ከጣና ከፍታ ነው፤ ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር፣ ግን መሬት ላይ ሆኜ። ቀዩ ማንሻ ለእኔ ጌጥ ነው ብዬ ተውኩት።

ስገዛ የሠራሁት አንድ ስህተት አለ፤ እሱን ልናገር። ያኔ ፀጉሬ ትልቅ ነበር። ሄልሜቱን ሳደርገው ልክ ሆነ፤ «ለእኔ የተሠራ ነው» ብዬ ብሩን ቆጠርኩ። በሳምንቱ ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ሄልሜቱ እንደ ድስት ክዳን መንቀሳቀስ ጀመረ። ጎፕሮ ከ120 ግራም አይበልጥም፤ ግን ከራስ በላይ ሲቀመጥ ያቺ ክብደት ትጎትታለች፤ ቪዲዮው በየእርምጃው ይናጣል። ያገለገለ ሄልሜት ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ፀጉራችሁን ተቆረጡ። ከቅንድብ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን በሜትር ለኩ። ከዚያ አድርጉትና ራሳችሁን ነቅንቁ፤ የግንባራችሁ ቆዳ አብሮት ካልተንቀሳቀሰ ሰፊ ነው። እኔ በመጨረሻ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከውስጥ ስፖንጅ አስጨመርኩ። 80 ብር ወሰደብኝ፤ እስካሁን አልተላቀቀም።

ሌላውን ነገር ሳላስበው በትክክል አይቼዋለሁ። የካሜራው ብሎን የገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለ ማየት። ሁለቱን ጎን በእጅ ጨምቆ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ማዳመጥ። የአገጩ ጥርስ አለመበላቱን መፈተሽ። የእኔ ጥርስ ግን ከሦስት ወር በኋላ ተበላ፤ ጥብቅ ብሎ አልይዝ አለ። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ሰፈር ውስጥ የልጆች የተሰበረ የስኬት ጫማ አገኘሁ። የጫማው መቆለፊያ ቁርጥ ያንኑ ይመስላል። በካቻቪቴ ፈትቼ ገጠምኩት። ቀዩ ማንሻ አሁንም መሥራቱን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ይሠራል።

አሁን ወደ ሞኝነቴ።

ሁለት ወር ያህል ይህንን ሄልሜት አድርጌ ሞተር ነዳሁ። ዘንባባው መሀል በአስፋልቱ ሽው ስል ቪዲዮውም ያምራል፣ እኔም ያማርኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ፍሬን ላስተካክል ሞተር ሠሪ ጋ ቆምኩ። ሽማግሌው ሄልሜቱን ከመሪው ላይ አነሱና አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ለሞተር ነው ያለህ ማነው?»

«ጠንካራ ነው እኮ ጋሼ፣ ካርቦን ነው።»

«ውጩ ጠንክሮ ምን ያደርግልሃል? ፎሙ የታለ?»

ከጓዳ አንድ የወደቀ ሰው የሞተር ሄልሜት አምጥተው ጨርቁን ገፈፉልኝ። ከሥሩ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም አለ። በአንድ በኩል ጣት እንደተጫነው ዳቦ ገብቷል፤ ልዩነቱ፣ ዳቦው ይመለሳል፣ ፎሙ አይመለስም። ከውጭ ግን ቀለሙ እንኳን በቅጡ አልተላጠም። የሞተር ሄልሜት ሥራው ይሄ ነው፦ ፎሙ ሲደቅ የምቱን ጉልበት ይበላዋል፣ ጭንቅላት ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል። አንዴ የደቀቀ ቦታ ለሁለተኛ ምት አይሆንም። የእኔ ሄልሜት ውስጥ ያለው ግን ቀጭን ለስላሳ ስፖንጅ ነው። የተሠራው የአውሮፕላን በር ሲገጭህ፣ ሌላ ዘላይ በጫማው ሲነካህ እንዳትቆስል ነው። ለዝላይ ተሠርተው የምት ፈተና ያለፉ ሄልሜቶች አሉ፤ የፈረንሳዮቹ መለኪያ ምልክት ውስጡ ተለጥፎ ይገኛል። የእኔ ላይ ምንም አልተለጠፈም።

ስለዚህ ሐሳቤ ተገለበጠ። የሞተር ሄልሜት ያገለገለ አልገዛም፤ በነፃ ቢሰጡኝም። ከዚህ በፊት ወድቆ ይሁን አይሁን ዓይን አያየውም፤ ሻጩም አይነግርህም። የካሜራ ሄልሜት ግን ያገለገለ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ምክንያቱም ለእኔ የካሜራ መቀመጫ እንጂ ሌላ አይደለም። ይህንን ያወቅኩ ዕለት ለሞተሩ አዲስ ሄልሜት ገዛሁ። ለብስክሌትም ቢሆን ያው ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት የማይነዳ ማን አለ?

ቪዲዮውስ? መጀመሪያ ወር ላይ ሰማይ ብቻ ነበር የምቀርጸው። ዓይኔ የሚያየውና ካሜራው የሚያየው አንድ አይደለም። ዘላዮቹ ዓይናቸው ፊት ትንሽ ማነጣጠሪያ ቀለበት ያስራሉ፤ እኔ የለኝም። ያደረግኩት፣ ግድግዳ ላይ ጠመኔ ነጥብ አድርጌ፣ አምስት ሜትር ርቄ ትኩር ብዬ እያየሁት ቀረጽኩ። ነጥቡ ቪዲዮው መሀል እስኪመጣ ካሜራውን ዝቅ አደረግኩ፤ ከዚያ ብሎኑን አጠበቅኩ።

ያልተስተካከለው እኔ ራሴ ነኝ። ትልቅ ሰው ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ካሜራው ጫማ ይቀርጻል። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ የባሕር ዳርን ሽማግሌዎች ጫማ በሙሉ ሰብስቤያለሁ። ሌላው «እህ!» የምንለው ነው፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበት። ማይኩ ግንባሬ ላይ ስለሆነ ፈረንጆቹ ቪዲዮውን ሲያዩት የደነገጥኩ ይመስላቸዋል። አሁን በቃል «አዎ» እላለሁ። እጅ መንሳቱን ግን አልተውኩም፤ አርትዖት ላይ እቆርጠዋለሁ።

ጌጥ ያልኩት ቀይ ማንሻ የካቲት ላይ ዘጌ ውስጥ ሥራ አገኘ። ከጀልባው ወርደን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የቡና ጫካ መንገድ ከእንግዶቹ ፊት ፊት እየሄድኩ እቀርጻለሁ። ያኔ ካሜራውን ረጅም ማገናኛ ላይ ነበር የሰቀልኩት። ቅርንጫፍ ከሥሩ ገባና ያዘው። እግሬ ወደ ፊት ሄደ፣ ራሴ ወደ ኋላ ቀረ። አገጬ ታነቀ። እጄ ቀዩን እንዴት እንዳገኘው አላውቅም። ሳብኩት፤ ሄልሜቱ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እኔ መሬት ላይ ቁጭ። ካሜራው መቅረጹን አላቆመም ነበር። ከላይ ሆኖ አፌን ከፍቼ የማየው እኔን ቀርጾኛል። በዓመቱ ከቀረጽኩት ሁሉ እንግዶቹ የወደዱት እሱን ነው።

ማታውኑ ረጅሙን ማገናኛ አውጥቼ ካሜራውን ከጠፍጣፋው ጋር አጣብቄ አሰርኩት። ምስሉ ትንሽ ጠበብ አለ። አንገቴ ይሻለኛል።

የማልወደው ላብ ነው። ሚያዝያ ላይ በባሕር ዳር ሙቀት ውስጡ ጠረን ያመጣል። ስፖንጁ በቬልክሮ ስለተያዘ ይወጣል፤ በልብስ ሳሙና አጥቤ ጥላ ላይ አሰጣዋለሁ። ፀሐይ ላይ አንዴ አስጥቼው የቬልክሮው ሙጫ ለቀቀ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ወንድ ራሱን ስለሚገልጥ አወልቀዋለሁ፤ ያቺ ጊዜ ለእኔም ለሄልሜቱም ንፋስ ናት። የካሜራው ባትሪም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም፤ ዘጌ ደርሶ መልስ ሁለት ትርፍ ባትሪ ኪሴ ውስጥ አለ።

በ7,000 ብር ዛሬም እገዛዋለሁ ወይ? ለጀልባና ለእግር፣ አዎ። ግን «4,000» ብዬ እንደገና እከራከር ነበር።

ነሐሴ ላይ ውኃው ሲሞላ ጢስ ዓባይ ሥራ አለኝ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞተር እሄዳለሁ። የካሜራው ሄልሜት በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ከኋላ ይታሰራል፤ ራሴ ላይ ያለው ሌላው ነው። ለሌንሱ ደግሞ ጨርቅ ይዣለሁ፤ ጢሱ ስሙ ጢስ ይሁን እንጂ ያው ውኃ ነው።