ከወደቀ ዛፍ የተሠራ ጠረጴዛ፦ ጽድ ይሻላል ወይስ ባህር ዛፍ?

ቤቴ ቡና የጠጣ ሁሉ ጠረጴዛዬን እየዳሰሰ ይጠይቀኛል። «ጽዱን ልግዛ ወይስ ረከስ ያለውን ባህር ዛፍ?» መልሴ ጽድ ነው። ይህን የተማርኩት ግን በገንዘቤ ነው።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ነው። «ክረምት የወደቀ የከተማ ጽድ ነው» ተብዬ 14,000 ብር ከፈልኩ። ቀይ ነው፣ በቫርኒሽ ያብለጨልጫል። ጥር ላይ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ሌሊት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የሻይ ማንኪያ ያስገባል። ውስጡ ነጭ! ለካ ቀለም የተቀባ ባህር ዛፍ ነው።

አንዱ አናጺ ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞልቶ 2,500 ብር ወሰደ። በሁለት ወሩ ከጎኑ ሌላ ተከፈተ። ሁለተኛው ከሥር አንጎላሬ ብረት አስሮ 4,000 ተቀበለ። ደምሩት፤ 20,500 ብር። አሁን ያለኝን ጽድ የገዛሁት በ23,000 ነው። ልዩነቱ 2,500 ብር ብቻ።

ባህር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ግንዱ ውጥረት ይይዛል፤ ሲደርቅም በጣም ይኮማተራል። ያ ሻጭ ደግሞ በእርጥቡ ነው የሠራው። ከግንድ በመጋዝ የወጣ ጣውላ ለየ2.5 ሳንቲም ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ገደማ ጥላ ሥር መድረቅ አለበት። የኔ 5 ሳንቲም ነበር። ክረምት ወድቆ ኅዳር ላይ ጠረጴዛ ሆነ። ባህር ዛፍ ለደጅ አግዳሚ ወንበር ይሁን፤ ለሳሎን አልመክርም።

ጽድ ሲደርቅ ብዙም አይኮማተርም። ቀዩን ልቡን ምስጥ አይደፍረውም። ሽታውማ! ጠዋት ሳሎን ስገባ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ትዝ ይለኛል። እንከኑ ሚስማር አለመውደዱ ነው። ሳይበሱ ከመቱት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በቪቴ (በሚጠመዘዝ ሚስማር) መታሰሩን እዩ።

ስትገዙ ገልብጡት። ቫርኒሽ ያልነካውን ሆዱን በቁልፍ ጫር አድርጉና አሽትቱ። ጽድ ራሱ ይናገራል። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ ቀለም ነው። ጠርዙ ላይ ብቻ ነጣ ያለ መስመር ካለ አትደንግጡ፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው እንጨት ነው። ከየት እንደመጣም ጠይቁ። በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ጽድ ነበር፤ ሌሎቹ ዋንዛ፣ ኮሶና ዝግባ ነበሩ። የኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ንፋስ የጣለው ነው። ሻጩ ግንዱ መሬት ላይ እንደተጋደመ ያነሳውን ፎቶ አሳይቶኛል።

ብሩ ካልሞላላችሁ ርዝመቱን አሳንሱት እንጂ እንጨቱን አትቀይሩ። የኔ 1 ሜትር ከ20 ነው። ያው ሻጭ የ80 ሳንቲሙን በ15,000 ይሰጥ ነበር።