ልጄን በትምህርት ቤት ለጠበቁልኝ ሲስተር

የ11 ዓመት ልጄ የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቅን ሁለት ዓመት አልፎናል። ኢንሱሊኗን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን የመርፌ መድኃኒት) እና ምግቧን ቤት ውስጥ እኛው እንከታተላለን፤ እንቅልፍ ይነሣኝ የነበረው ትምህርት ቤት የምታሳልፈው ጊዜ ነው። በዚህ ጭንቀት ውስጥ የደረሱልኝን፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የሚሠሩትንና ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ የሚከታተሉትን ነርስ በአደባባይ ለማመስገንና ለሌሎች ወላጆችም ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው "ሲስተር" እላቸዋለሁ።

ቀድሞ ትማርበት በነበረው ትምህርት ቤት፣ አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ላብ አጥምቋት፣ እጇም እየተንቀጠቀጠ ወደ መምህሯ ብትቀርብ "አትስነፊ" ተብላ ወደ ሩጫው ተመለሰች። ያን ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ ቁርሷን ግን በወጉ ሳትበላ ነበር የሄደችው። ጓደኛዋ ሮጣ መጥታ ባትጠራኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ አልፈልግም። መምህሩን አልተቀየምሁም፤ የስኳር መውረድ ምን እንደሚመስል የነገረው ሰው አልነበረም።

አሁን ወዳለችበት ትምህርት ቤት ስትዛወር፣ ሲስተር መጀመሪያ የጠየቁኝ ስኳሯ ሲወርድ ጠባይዋ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። "ዝም ትላለች፤ ከዚያ በትንሹም በትልቁም ትነጫነጫለች" አልኋቸው። ይህንኑ ቃሌን በእጃቸው ጽፈው፣ ከሥሩ መምህራኑ የሚያደርጉትን አስከተሉበት። ምልክቱ ሲታይ፣ ወይም የደም ስኳር መለኪያው በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲያሳይ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና ለክቶ፣ ከተስተካከለ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ማብላት፤ ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳይጨምሩ በጎኗ አስተኝቶ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ማድረስ። "ብቻዋን ወደ ቤት አትላክ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ወረቀቱ በመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳርም በየመምህሩ የጠመኔ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ስኳሯ ከፍ ሲል ውኃ ስለሚጠማትና ሽንቷ ስለሚመላለስ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ መውጣት እንድትችል አስደርገዋል።

የክፍል ጓደኞቿ ሕመሙ የሚተላለፍ መስሏቸው ነበር፤ አንዲቱ እንዲያውም መቀመጫ ቀይራ ነበር። ሲስተር አንድ ክፍለ ጊዜ ለምነው ገቡና፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ስለ ተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነገሯቸው። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም እንደማይቆይ፣ ዛሬ ግን መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅ ተምሮ፣ ተጫውቶ እንደሚያድግ ሲያስረዷቸው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። መቀመጫ የቀየረችው ልጅ ተመልሳለች፤ ጠዋት ጠዋት "ቁርስ በልተሻል?" ብላ የምትጠይቃትም እርሷ ናት።

ሥራቸው በእኔ ልጅ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ተማሪ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሲወድቅ፣ እንደ ድሮው ክብሪት ጭሮ ያሸተተው፣ እጅ እግሩንም የያዘው አልነበረም። መምህሯ በዙሪያው ያለውን ድንጋይ አስነሥታ፣ ከራሱ ሥር ሹራቧን አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች፤ መንቀጥቀጡ ሲቆምም በጎኑ አስተኛችው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና መወሰድ እንዳለበት ያስተማሯት ሲስተር ናቸው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በዐቢይ ጾም ልጄ እንደ ጓደኞቿ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ብላ ስታስቸግረኝም ከንስሐ አባታችን ጋር እንድንመክር ያሳሰቡኝ እርሳቸው ነበሩ። አባታችንም ቁርሷን በጊዜው እንድትበላ አዘዙልን፤ ልጅቷም ልቧ ዐረፈ።

በተለይ የማምናቸው ወሰናቸውን ስለሚያውቁ ነው። የኢንሱሊኑን መጠን በራሳቸው አይቀይሩም፤ የተመዘገበውን ልክ አይተው ካላማራቸው ወደ ሐኪሟ ይልኩናል።

ልጃችሁ የስኳር፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ካለበት፣ ርዕሰ መምህራችሁ ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ እንዲጽፉ ጠይቁ፤ ሲስተር ያለ ምንም ክፍያ ይመጣሉ። ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሚመለሱት በየሁለት ሳምንቱ ስለ ሆነ፣ በሚያስተምሩበት ቀን የክፍል ኃላፊውና የስፖርት መምህሩ እንዳይቀሩ አደራ። እናንተም የልጃችሁን የክትትል ካርድ ይዛችሁ ተገኙ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።