«አፍሽን አትክፈቺ»፦ ከፍራንክፈርት መጥቼ አዲስ አበባ ላይ አስቤዛ ስገዛ

አንድ አመል አለብኝ። የትም አገር ስሄድ ሙዚየሙን ሳላይ ሱፐርማርኬት እገባለሁ። ሰዉ ምን እንደሚበላ፣ ምኑ እንደሚወደድበት፣ ምኑ ላይ «ቅናሽ» እንደሚለጠፍ ማየት ደስ ይለኛል። ፍራንክፈርት መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ አመሉ ብሶብኛል። እዚያ ርካሽ ነገር የሚገኘው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ማታ ሊዘጋ ሲል ገብቼ ቀኑ የደረሰውን እርጎ፣ 30 በመቶ የተቀነሰለትን ዳቦ ለቃቅሜ እወጣለሁ።

በ2017 ክረምት የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ ለአምስት ሳምንት አገር ቤት ስገባ ይህንኑ አመሌን ይዤ ነው የገባሁት። ያረፍነው ገርጂ፣ አክስቴ ቤት ነበር። እሷን በአስቤዛ እንዳላስቸግር ብዬ በመጀመሪያው ጠዋት ልጄን አስከትዬ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ሄድኩ።

በር ላይ ፍተሻ አለ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ቁጥር የተጻፈባት ፕላስቲክ ተሰጠኝ። ውስጡ ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው፤ «ምን ልርዳሽ እህቴ» የሚል አይጠፋም። መብራት ሄደ፤ አምስት እስክቆጥር ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ከኔና ከልጄ በቀር ቀና ያለ ሰው የለም። እስከዚህ ድረስ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸው ነበር።

ከዚያ ልጄ የለመደውን ኮርንፍሌክስ አነሣ። ዋጋውን በስልኬ ወደ ዩሮ ቀየርኩት። የተሳሳትኩ መሰለኝና ደገምኩት። ፍራንክፈርት ከምገዛበት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቺዙም እንደዚያው። ቸኮሌቱንማ ተዉት።

እኔ ደግሞ ዩሮ ስለያዝኩ ሁሉም የሚረክስልኝ መስሎኝ ነበር። በ2015 ስመጣ አንድ ዩሮ 60 ብር ግድም ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ነገሩ ተገለባበጠ፤ በዚያ በ2017 ክረምት ከ150 ብር በላይ ነው የመነዘርኩት። እውነትም አገር ውስጥ የሚበቅለውና የሚመረተው ረክሶልኛል። ከውጭ የሚገባው ግን የተገዛውም በዚያው ውድ ምንዛሪ ነው። በጅቡቲ በኩል በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ቀረጥ አለበት፤ ሱር ታክስ አለበት፤ በላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይደረብበታል። ያንን ሁሉ ተሸክሞ የመጣ ኮርንፍሌክስ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ወደ አገር ውስጥ ዕቃዎች ዞርን። እዚያ መደርደሪያ ላይ ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራኝ። «ማማ! ይሄ እኮ ሰባት ዓመት አልፎበታል!» የብስኩት ፓኬት ይዟል። አየሁት። የሚያበቃበት ጊዜ 08/2018 ይላል። አጠገባችን ዕቃ የሚደረድረው ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። «በኛ ነው፤ በኛ ነው» አለው። በኛ አቆጣጠር ገና ስምንት ወር ይቀረው ነበር። ከውጭ ልጅ ይዛችሁ ለምትመጡ ይህንን ቀድማችሁ አስረዱ። ግን እናንተም ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ የአገር ውስጥ ምርት በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል፤ አንዳንዱ በኛ፤ የትኛው እንደሆነ ሁሌም አይጻፍም። እኔ መለያዬ የተመረተበትን ቀን ማየት ነበር። የተጻፈው ዓመት በኛ ገና ያልደረሰ ከሆነ የፈረንጅ ነው ማለት ነው።

ካሸር ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። መደርደሪያው ላይ ያለው የለውዝ ቅቤ ዋጋና ማሽኑ ያወጣው ዋጋ አይገናኝም። ልጅቷ ቀና ሳትል «ዋጋው ጨምሯል፤ ወረቀቱ አልተቀየረም» አለችኝ። እኔም ወረቀቱን አይቼ ነው እኮ ያነሣሁት! መለስኩት። ካርዴን ሰጠሁ፤ ኔትወርክ የለም። ብር ሰጠሁ፤ ዝርዝር የለም። ለመልሱ ሁለት ማስቲካ ተሰጠኝ። ልጄ በዚህኛው አገልግሎት በጣም ረክቷል።

ቤት ስደርስ አክስቴ ፌስታሉን ከፍታ ቲማቲሙን አወጣች። ስንት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። ኪሎውን 110 ብር ነው አልኳት። ምንም አላለችም። ቲማቲሙን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ከዚያ «ሱፐርማርኬት እኮ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚኬደው» አለች። «እሁድ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

እሁድ! ጀርመን እሁድ ማለት ሱቅ የሚዘጋበት ቀን ነው። ቅዳሜ ማታ ወተት ከረሳሽ ሰኞን መጠበቅ ወይ ባቡር ጣቢያ ድረስ መሄድ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለአስቤዛ ዋናው ቀን እሁድ ሆኖ አገኘሁት። የእሁድ ገበያ የሚባለው በየክፍለ ከተማው አለ፤ አምራቹና ማኅበራቱ ደላላ ሳይገባ በቀጥታ እንዲሸጡ ተብሎ ከተማው ያቋቋመው ነው። ለአንዳንዱ መንገድ ይዘጋለታል፤ ድንኳን ይተከላል። መግቢያው ላይ የዕለቱ ዋጋ ተጽፎ ይሰቀላል። የሰፈራችን ሰሌዳ ግማሹን ዝናብ አጥቦት ነበር።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ክረምት ስለሆነ ጭቃው አይጣል ነው፤ ስኒከር አድርጌ ሄጄ ተጸጽቻለሁ። አክስቴ ሁለት ዘንቢል ይዛለች። በመንገድ ላይ መመሪያ ሰጠችኝ። «አፍሽን አትክፈቺ። እኔ ነኝ የማወራው።»

አልሰማኋትም። ድንች ያለው ልጅ ጋ ደርሼ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ጫማዬን አየ። ሰሌዳው ላይ ካለው በ20 ብር ከፍ አድርጎ ጠራልኝ። አክስቴ ጎተተችኝ። «ገበያ ላይ ‹ይቅርታ› የሚል ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አየሁ። ማየት ነው የሚሻለው። አክስቴ ቲማቲሙን አትጠይቅም፤ መጀመሪያ ትነካለች። ጠንካራውን ለሰላጣ፣ የለሰለሰውን ለስልስ ትለያለች። ሽንኩርቱን አንሥታ አንገቱን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ከራሰ ትመልሰዋለች፤ የክረምት ሽንኩርት ቶሎ ይበሰብሳል አለችኝ። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት «ዜሮ አድርገው» ትላለች። ሻጩ ይምላል። እሷ መሐላውን አትሰማም፤ ቁጥሩን ነው የምታየው። ሂሳቡ ካለቀ በኋላ ደግሞ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። «ምርቃቱስ?» ሦስት ቃሪያና አንድ ጭንቅላት ነጭ ሽንኩርት ተጨመረ። እኔ ለዓመታት በቅናሽ ወረቀት ስደሰት የኖርኩት ይህን ረስቼ ነው።

ቲማቲሙ 70 ብር ነበር። ያው ቲማቲም ነው፤ እንዲያውም ሌሊት የተለቀመ ይመስላል፤ ጤዛው አልደረቀለትም። ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳትጣሉ። በአትክልትና በእንቁላል ግን ልዩነቱ አምስቱንም ሳምንት አልጠፋም። ክፍያውም ከሱፐርማርኬቱ ይቀላል፤ ሻጩ የቴሌብር ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጽፎ ሰቅሎታል። አክስቴ መነጽሯን አውጥታ ትልክለታለች። ስልኩ ጪው ሲል ዕቃው ይለቀቃል። ገበያው 5 ሰዓት ካለፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ግን የቀረው የተመረጠ ነው።

ለትንሽ ትንሹ ጉሊት አለ። ሰው በኪሎ ስለሚያስብ ይረሳታል። ሁለት ቀን ለምትቆዩበት ቤት ኪሎ ቃሪያ ምን ያደርግላችኋል? ጉሊት በመደብ ነው፤ አራት ቲማቲም፣ አንድ መደብ ሽንኩርት፣ ትንሽ ጎመን። በኪሎ ሲሰላ ይወደዳል፤ ግን የሚጣል የለም። ማታ ከሥራ መውጫ ላይ ሂዱ። በለስም ከዚያው፣ ከመንገድ ዳር ነው የበላነው፤ ሻጩ ልጦ ነው የሚያጎርሳችሁ። ልጄ ፍራንክፈርት ውስጥ አንዷ በፕላስቲክ ታሽጋ ምን ያህል እንደምትሸጥ ሲነግረው ሰውዬው አላመነውም።

ሸማቾች ሱቅም ሄጃለሁ። እዚያ የመንግሥት ዘይትና ስኳር ሲመጣ ለነዋሪ በኩፖን ነው የሚታደለው፤ እኔን አይመለከተኝም፤ ልክም ነው። ዱቄትና ፓስታ ግን ለማንም ይሸጣሉ። ሰልፉ ረጅም፣ ወሬው ጥሩ።

የስልክ ማዘዣውን አንዴ ሞከርኩት። ዕቃው ትክክል መጣ። ችግሩ አድራሻ ነው። ሞተረኛው አራት ጊዜ ደወለ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው በታች?» እያለ። በመጨረሻ አክስቴ ስልኩን ተቀብላ «አንተ ልጅ፣ ቁም እዚያው» ብላ ወጥታ አመጣችው። ዝናብ አብስብሶት ስለነበር ሻይ ጠጥቶ ሄደ። አገልግሎቱን ስንት ነጥብ እንደምሰጠው አላውቅም።

ወተትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ የላስቲክ ወተት ፍለጋ ጠዋት ካልወጣሁ አላገኝም ነበር። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሱቁ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሮ ከሰዓትም ይገኛል። እንቁላልም ቀነስ አለች። የማይጾም ሕፃን ይዛችሁ ከመጣችሁ ጾሙ እስኪገባ ጠብቁ። ሲፈታ ግን አትሂዱ፤ የዚያን ሰሞን ቅቤ የሚጠራበትን ዋጋ ቁጭ ብላችሁ ነው መስማት ያለባችሁ።

ዘንቢል ግዙ። ፓርላማው የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክለውን አዋጅ ያጸደቀው እኛ ከመምጣታችን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እኛ በነበርንበት ክረምት ፌስታል እንደ ልብ ይሰጥ ነበር፤ ግን ሕጉ የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶ ስለነበር ነው። የአክስቴ ዘንቢል ከኔ ዕድሜ ብዙ አያንስም፤ አዋጁ እሷን አላስደነገጣትም።

ወደ መሄጃችን ሱፐርማርኬቱን ታረቅሁት። የተቆላ ቡና በደንብ ታሽጎ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ለስጦታ ያምራል። ሽሮና በርበሬውን ግን ባልትና ቤት ነው የገዛሁት። የሱፐርማርኬቱ ሽሮ አይከፋም፤ ግን ባልትናዋ ሴትዮ ከረጢቱን ከፍታ «አሽትቺው» ትላለች፤ ሱፐርማርኬት ማን ያሸትትሻል? ማሩን ደግሞ ሁለት ኪሎ ብቻ ገዛሁ። አውሮፓ ኅብረት ለሚገባ መንገደኛ ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ግን አይገባም። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ከባዱ ሥራ ነበር። ቋንጣውን ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ አገኘሁት፤ ሦስት ጊዜ አወጣሁት። ንጥር ቅቤውን ካልሲ ውስጥ ነበር የደበቀችው።

ባለፈው እሁድ ደወለችልኝ። ከኋላዋ የገበያ ጩኸት ይሰማል። «ሽንኩርት ስንት እንደገባ ልንገርሽ?» አለች። ልትነግረኝ ስትል ከሻጩ ጋር ጭቅጭቅ ጀመረች፤ ስልኩን ሳትዘጋው። እኔም አልዘጋሁትም። እኛ ጋ ሁሉም ዝግ ነበር፤ ቤት ውስጥ ወተት አልነበረም። ምርቃቱን እስክታስጨምር ድረስ ጆሮዬን ደግኜ ጠበቅኳት።