«ናያካን»፦ የዳራቪው አለቃና የሒሳብ ፈተና ያለባት ልጅ

ባሕር ዳር ውስጥ «የህንድ ፊልም» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሂንዲ የተሠራውን ነው። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያው ሳስብ ኖሬያለሁ። ልጅ ሳለሁ ፋሲሎ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ያየነው የወንበዴ አለቃ ፊልም ሂንዲ ሳይሆን በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በታሚል ቋንቋ የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ለስህተቴ ምክንያት አለኝ፤ ያየነው ቅጂ በአንድ ተራኪ ድምፅ ወደ አማርኛ የተመለሰ ትርጉም ፊልም ስለ ነበር፣ ባል ቢናገር ሚስት፣ ሌባ ቢናገር ፖሊስ፣ የሚሰማን የዚያው የአንድ ሰው ድምፅ ነበር። ባለፈው ክረምት ያንኑ ፊልም በራሱ ድምፅ፣ ከግርጌው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ሽምብጥ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ተቀምጬ እንደገና አየሁት፤ በልጅነቴ ያመለጠኝ ነገር ብዛቱ አስገረመኝ።

«ናያካን» እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1987 ለዕይታ የበቃ፣ በማኒ ራትናም የተዘጋጀ ፊልም ነው። መነሻ ያደረገው ከደቡብ ሕንድ ተነሥቶ የቦምቤይ የኮንትሮባንድ ንግድ ጌታ የሆነውን ቫራዳራጃን ሙዳሊያርን ሲሆን፣ ሰውየው ያረፈው ፊልሙ ከወጣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። በፊልሙ ውስጥ አለቃው ቬሉ ይባላል፤ የሚጫወተውም ካማል ሃሳን ነው። አባቱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር፤ ፖሊሶች የተደበቀውን አባት ለማግኘት ሕፃኑን መንገድ መሪ ያደርጉትና ሰውየውን ተኩሰው ይገድሉታል። ልጁ አንዱን ፖሊስ በስለት ወግቶ ወደ ቦምቤይ ይሸሻል፤ እዚያም ዳራቪ በተባለው የድሆች ሰፈር ሁሴን የሚባል አንድ ደግ ኮንትሮባንዲስት ያሳድገዋል። ሁሴን በፖሊስ እጅ ሲሞት ቬሉ ኬልካር የተባለውን መርማሪ ይገድላል፤ ሰፈሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባት ያየዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው፣ የወንበዴ ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ በሌላ መልክ ያየው ታሪክ ነው።

ፊልሙን ከሌሎቹ የሚለየው ፍቅሩ ነው። ቬሉ በወጣትነቱ ወደ አንድ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ይሄዳል፤ ክፍል ውስጥ የምትጠብቀው ኒላ ግን ገና ተማሪ የሆነች ልጅ ናት። እንደማንኛውም ፊልም ከዚህ እንዲያወጣት አትለምነውም፣ የመከራዋንም ታሪክ አትዘረዝርለትም። ነገ የሒሳብ ፈተና እንዳለባት ትነግረውና፣ እንድታጠና ቶሎ ይለቃት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ሰው የገደለ፣ ሰፈር ሙሉ የሚፈራው ወጣት ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣል፤ ከዚያም ልጅቷ እንድታጠና ይተዋታል። ኒላን የተጫወተችው ሳራንያ ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር። ምናልባትም ልምድ ማጣቷ ራሱ ጠቅሟት ይሆናል፤ ድምፅዋ ውስጥ የምሰማው አንድ ተማሪ አስተማሪውን ፈቃድ ሲጠይቅ የሚያሰማውን ዓይነት ፍርሃት ነው።

ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋብን። ክረምት ስለ ነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስም መስኮቱን ያንኳኳል። አክስቴ እንግሊዝኛውን ስለማታነብ እኔ በየመሀሉ በአጭሩ ስነግራት ነበርና በጨለማው ውስጥ «ለቀቃት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ እታለም፣ ለቀቃት፤ እያጠናች ነው» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያ ያገባታል» አለች። ሻማ ከተለኮሰ፣ ቡናው ከተደገመ በኋላ መብራቱ ሲመጣ፣ እንዳለችውም አገባት።

የፊልሙ ደራሲ ልክ እንደ አክስቴ አስቧል ማለት ነው። ብዙ የወንበዴ ፊልሞች ፍቅርን የሚያስገቡት ከተኩስ በኋላ ተመልካቹን ለማሳረፍ ነው፤ ዘፈኑ ያልቃል፣ ልጅቷ ትረሳለች፣ ጥይቱ ይቀጥላል። እዚህ ግን ኒላ በፊልሙ ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ እሷ ከሞተች በኋላ የሚሆነው ነገር ሁሉ የሚለካው በእሷ ነው። ጠላቶቹ እሱን ፈልገው መጥተው እሷን ይገድሏታል፤ እሱም ይበቀላል፣ ሁለቱን ልጆቹንም ለደኅንነታቸው ሲል ወደ ደቡብ ሕንዷ ከተማ ማድራስ ይልካቸዋል። ልጆቹ አድገው ሲመለሱ ወንዱ የአባቱን ሥራ ይይዛል። ሴቷ ቻሩማቲ ደግሞ የአባቷን ፍርድ አልቀበልም ትላለች፤ ማን ሥልጣን ሰጥቶት ሰው እንደሚቀጣ ፊት ለፊት ትጋፈጠዋለች፤ በመጨረሻም ትታው ትሄዳለች። አንዲትን ልጅ እንድታጠና የለቀቀ እጅ የገዛ ልጁን ማቆየት ሲያቅተው ማየት፣ ለእኔ ከየትኛውም ድብድብ ይልቅ የሚከብድ ትዕይንት ነው። ቻሩማቲ በኋላ ያገባችው ሰው የፖሊስ መኮንን መሆኑና ያው መኮንን አማቱን ለመያዝ መነሣቱም፣ በሌላ ፊልም ቢሆን የደራሲ ብልጠት ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ልጅቷ ከአባቷ ቤት ሸሽታ የደረሰችበት ትክክለኛ ቦታ ሆኖ ታየኝ።

ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ ትርጉሙ ክፉኛ የጎዳው እሱን ነውና። ቬሉ ዕድሜ ልኩን ቦምቤይ ኖሮ ሂንዲ የማይናገር ሰው ነው። ከፖሊሶችና ከከተማው ታላላቅ ሰዎች ጋር ሲገናኝ የሚያስተረጉምለት አንድ ሰው ከጎኑ አለ፤ ዴሊ ጋኔሽ የተጫወተው ይህ አስተርጓሚ፣ በልጅነቴ ባየሁት ቅጂ ምን እንደሚሠራ ፈጽሞ ያልገባኝ ሰው ነው። ተራኪያችን ታሚሉንም ሂንዲውንም አንድ አማርኛ ስላደረጋቸው፣ አስተርጓሚው አለቃው ያለውን ነገር ደግሞ የሚናገር አሽከር ብቻ ይመስል ነበር። አሁን በራሱ ድምፅ ስሰማው፣ የቬሉ ኃይልም ብቸኝነትም ከዚያ እንደሚመነጭ ገባኝ። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የመጡ፣ ከአዊኛ ሌላ የማይናገሩ አዛውንት፣ የልጅ ልጃቸው ለሐኪሙ ሲያስተረጉምላቸው ተቀምጠው ሲያዳምጡ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በአገራቸው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን ሕመማቸውን የሚናገረው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ቬሉ ዳራቪን የሚገዛበት ቋንቋ ከዳራቪ ሲወጣ አይሠራም፤ ተከታዮቹም የሚያከብሩት አንደበታቸውን ስለሚናገርላቸው ጭምር ነው።

ዳራቪ የምለው ሰፈር በአብዛኛው የተቀረጸው ቦምቤይ ሳይሆን ማድራስ ውስጥ፣ ቶታ ታራኒ ለፊልሙ ብሎ በሠራው ሰው ሠራሽ ሰፈር ነው። ይህን ሳላውቅ አይቼው ስለ ነበር፣ ሳውቅ ለማመን ተቸግሬያለሁ። ጭቃው፣ የተደራረበው ቆርቆሮ፣ ከጠባቡ መተላለፊያ ጫፍ የሚገባው ብርሃን ሁሉ ሰው የኖረበት ይመስላል። ካሜራውን የያዘው ፒ. ሲ. ስሪራም ፊቶችን ግማሽ በጨለማ እየተወ ያነሣል፤ የእኛ ቪዲዮ ቤት ቅጂ ደጋግሞ ከመገልበጡ የተነሣ ይህ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ይታየን ነበር። ካማል ሃሳን በትወና፣ ስሪራም በቀረጻ፣ ታራኒም በሥነ ጥበብ ዝግጅት ለዚህ ፊልም የሕንድን ብሔራዊ ሽልማት አግኝተዋል፤ ታይም መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የ100 ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። እኔን ከሽልማቱ ይልቅ ያስደነቀኝ የተዋናዩ ዕድሜ ነው። ካማል ሃሳን ፊልሙ ሲወጣ 33 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ነገር ግን ከጎረምሳነት እስከ አያትነት ይጫወታል። የሽበቱ ቀለም አንዳንድ ቦታ ቀለም መሆኑ ይታወቃል። አካሄዱ ግን አይዋሽም፤ ሽማግሌው ቬሉ ከወንበር ሲነሣ መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ ወገቡን፣ በመጨረሻ ዓይኑን ያነሣል።

ሙዚቃው የኢላያራጃ ነው፤ 400ኛ ፊልሙ እንደሆነም ይነገራል። «ቴንፓንዲ ቺማዪሌ» የተባለው ዘፈን በፊልሙ ውስጥ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ቃሉን ባልረዳም፣ እንደ እንጉርጉሮ ያለ ዜማ ስለሆነ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ስለ ሌሎቹ ዘፈኖች ግን ይህን ያህል ማለት አልችልም። የሴተኛ አዳሪዎቹ ቤት ጭፈራና በጀልባ ላይ ያለው ዘፈን የዘመኑ ገበያ ስለጠየቃቸው የገቡ ይመስላሉ፤ አክስቴ በሁለቱም ጊዜ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገብታለች።

ሌላም ቅር ያለኝ ነገር አለ። ፊልሙ «ለአራት ሰው የሚጠቅም ከሆነ ጥፋት አይደለም» የሚለውን አስተሳሰብ ይዞ ይሄዳል፤ ለዚህም ሲል የቬሉ ተቃዋሚዎች ሁሉ ከእሱ የባሱ ክፉዎች ሆነው ቀርበዋል። የገደለው መርማሪ ጨካኝ ነው፣ የተበቀላቸው ነጋዴዎች አውሬ ናቸው። የሚከሰሰው በሚወዱት ሰዎች እንጂ በተጎዱ ድሆች አይደለም። ከዚህ ሚዛን የሚያመልጡት የኬልካር ሚስትና የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጁ ናቸው፤ ቬሉ ይረዳቸዋል፣ ነገር ግን ያደረገው ነገር በዕርዳታ የሚዘጋ እንዳልሆነ ደራሲው አልዘነጋም። እንዴት እንደሚያልቅ አልናገርም። ከመጨረሻው በፊት ትንሹ የልጅ ልጁ አያቱን «አንተ ጥሩ ሰው ነህ ወይስ መጥፎ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሽማግሌው የሚሰጠው መልስ አለማወቁን ነው። በልጅነቴ ይህን መልስ እንደ ትሕትና ወስጄው ነበር፤ አሁን ግን እውነቱን የተናገረ መሰለኝ፤ ፊልሙ ራሱ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲያድበሰብሰው የቆየውን ጥያቄ አዛውንቱ በአንድ ቃል አምኗል።

ማኒ ራትናምና ካማል ሃሳን ከ38 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ «ታግ ላይፍ» በተሰኘ ሌላ የወንበዴ ፊልም ዳግም ተገናኝተዋል። ሁለቱን አከታትሎ ለማየት ያሰበ ሰው በ«ናያካን» ይጀምር። በፍላሽ ሲያስገለብጡም ትርጉም ያለበትን ሳይሆን የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ቅጂ ይጠይቁ፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው አብሮ ካለ፣ በየመሀሉ ዝቅ ባለ ድምፅ መንገር ይበቃል።

ለዚያ ተራኪ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። የቬሉ ወንድ ልጅ ሞቶ አባትየው አስከሬኑ ፊት ሲቆም፣ ፊልሙን በሙሉ ያለ ዕረፍት ሲያወራ የነበረው ሰው ድንገት ዝም አለ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ካማል ሃሳንን በራሱ ድምፅ ሲያለቅስ የሰማነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ሲያፏጭ የነበረው ልጅ እንኳ ፉጨቱን አቆመ።