ሐዋሳ ላይ ግቢ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ ጅምር ቤት? ነገ ለመሸጥ ሊገደድ ለሚችል ገዢ የቀረበ ንጽጽር

ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ መሸጥ ሲነሳበት ደስ አይለውም። ገና ቁልፉን ሳይጨብጥ «ነገ ብሸጠው ማን ይገዛኛል?» ብሎ መጠየቅ ሟርት ይመስላል። ሐዋሳ ላይ ግን ከክፍሎቹ ብዛትና ከጣሪያው ዓይነት በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው እላለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሠራተኛ ይጎርፋል ተብሎ በየግቢው ጓሮ የሚከራዩ ክፍሎች ተደረደሩ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚገባበት የአጎዋ ዕድል አስወጣች፤ ከፓርኩ ዋና ዋና ኩባንያዎች አንዱ የነበረው የአሜሪካው ልብስ አምራች ፒቪኤችም በዚያው ሰሞን ለቅቆ ሄደ። የተከራይ ነገር በአንድ ውሳኔ እንዴት እንደሚገለበጥ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

የነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለውጥ ደግሞ ለቤት ባለቤቶች ከዚህም የቀረበ ነው። የደቡብ ክልል መቀመጫ እስከዚያ ድረስ ሐዋሳ ነበረች። ክልሉ ቀርቶ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተከፋፈሉ። ጠረጴዛና ኮምፒውተር በጭነት መኪና ይሄዳል፤ ቤት ግን ባለበት ይቀራል። ሠራተኛው ልሽጥ ወይስ ላከራይ ብሎ ሲያመነታ፣ በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ዋጋውን በዶላር እያሰላ ይጠራል፣ ገዢው በደመወዙ እያሰላ ይመልሳል። በመካከላቸው ደላላው ስልኩን ይዞ ይሮጣል።

ስለዚህ ሦስቱን የቤት ዓይነቶች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ገበያው በቀዘቀዘበት ወር ገንዘብ ቢያስፈልጋችሁ፣ ብዙ ሳትከስሩ ከእጃችሁ የሚወጣው የትኛው ነው?

ግቢ ቤት

በሞኖፖል፣ በአረብ ሰፈርና በፒያሳ ዙሪያ ያለው ነባር ግቢ ቤት ዋጋውን የሚይዘው በቦታው ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው የቤት ሽያጭ ነው። ድርድሩ ላይ ግን ሁሉም የሚቆጥረው ካሬውን ነው። ቤቱ የጭቃ ከሆነማ ገዢው «አፍርሼ ነው የምሠራው» ይልና ግድግዳውን ከሒሳብ ያወጣዋል። ስለዚህ ግቢ ቤት ስትገዙ ለተቀባ ግድግዳና ለአዲስ ሴራሚክ ከልክ ያለፈ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ስትሸጡት ያንን የሚመልስላችሁ የለም።

የግቢ ቤት ድክመቱ ትልቅነቱ ነው። 500 ካሬ ግቢ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ያንን ያህል ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው በከተማው ውስጥ ጥቂት ነው፣ ብድር በተገደበበት ጊዜ ደግሞ ከጥቂትም ያነሰ። «ሲቸግረኝ ግማሹን እሸጣለሁ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ፣ ቦታው ለሁለት መከፈል መቻሉን አስቀድማችሁ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ። ዝቅተኛውን የቦታ ስፋት የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ሰፊ ግቢ ያለ ወጪ አይቀመጥም። በእኔ ግምት ለመሸጥ የሚቀለው ከ150 እስከ 200 ካሬ ያለው ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፣ ፈላጊውም ብዙ ነው።

ካርታው ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ጫፍ በር ላይ ላለው የአጥር ማዕዘን አስይዛችሁ እስከ ጓሮ ጎትቱ፣ ከዚያ ወርዱን ለኩ፣ ካርታው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ ግቢው 230 ከሆነ፣ ሻጩ «ይሄ ትርፉ ምርቃት ነው» ይላችኋል። አይደለም። ያ 30 ካሬ የጎረቤት፣ የመንገድ ወይም የመንግሥት ነው፤ አጥሩም ሆነ በላዩ የተሠራው ሰርቪስ ቤት ስም በሚዞርበት ቀን ጥያቄ ያስነሳል። ዛሬ እናንተ ባታነሱት ነገ የእናንተ ገዢ ያነሳዋል፣ ዋጋውንም በዚያ ልክ ይቆርጣል።

ወደ ሐይቁ የቀረበ ግቢ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውኃው እንደ ዝናቡ ይሞላል ይጎድላል። በየካቲት የታየ ደረቅ ግቢ የነሐሴውን አይናገርም። የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን አስነስታችሁ እዩ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጠጥም ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን ጠይቁ። ጎረቤት ለማን ብሎ ይዋሻል?

የቆየ ቤት ብዙ ጊዜ ብዙ ባለቤት አለው። አባት በሕይወት ከሌሉ የወራሽነት ማስረጃውንና የወራሾቹን ሁሉ ፈቃድ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውን ፊርማ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። «እህታችን ውጭ አገር ናት፣ ትስማማለች» የተባለበት ግቢ፣ የእህትየው ውክልና እስኪመጣ ድረስ ለሽያጭ እንዳልቀረበ ቁጠሩት።

ኮንዶሚኒየም

ኮንዶሚኒየም ለዓይን አይማርክም፤ ደረጃው ያደክማል፣ ውኃው ላይኛው ፎቅ ላይ ይሰንፋል፣ የጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ከእናንተ ሳሎን ይሰማል። መሸጥ በመጣ ጊዜ ግን ሦስት ብልጫ አለው። ጠቅላላ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ፈላጊው ብዙ ነው። ከታች ያለው ተመሳሳይ ቤት ባለፈው ወር በስንት እንደተሸጠ ስለሚታወቅ ድርድሩ አጭር ነው። ተከራይም አያጣም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ ተጋቢ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የዚህ ግልባጭ፣ ገበያው ሲወርድ ሁሉም አብረው ይወርዳሉ፤ «የእኔ የተለየ ነው» ብሎ ዋጋ መስቀል አይቻልም። ምድር ቤት ያለው ለሱቅ ስለሚፈለግና አረጋውያን ስለሚመርጡት ከአራተኛ ፎቅ ቤት ቀድሞ ይሸጣል።

ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። በዕጣ የተገኘ ቤት የባንክ ዕዳ ወይም የመሸጥ ገደብ ሊኖርበት ይችላል። ያንን ለመሻገር ብዙዎች የሚይዙት መንገድ ውክልና ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ስሙ ሳይዞር፣ ሻጩ «እንዲሸጥ እንዲለውጥ» ብሎ የሰጠውን ውክልና ይዞ መኖር። ውክልና ግን በወካዩ ሞት ይቀራል፣ ወካዩ ሲፈልግም ይሽረዋል። አምስት ዓመት የኖራችሁበትን ቤት ሻጩ ከሞተ በኋላ ከልጆቹ ጋር አዲስ ድርድር ትገቡበታላችሁ፤ ልጆቹ ደግሞ የሚያውቁት የዛሬውን ዋጋ እንጂ አባታቸው የተቀበለውን አይደለም። በውክልና የያዛችሁትን ቤት ስትሸጡ የሚገዛችሁም ያው አደጋ የሚደፍር ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ድፍረቱን በዋጋ ቅናሽ ያስከፍላል። በርካሽ የተገዛ የውክልና ቤት በርካሽ ይሸጣል፣ የገዛሁት በርካሽ ነው ያለው ሰው ይህን አይቆጥረውም።

በራሱ ስም የተናጠል የይዞታ ማረጋገጫ ያለው፣ ዕዳው የተዘጋበትና ከባንክ ደብዳቤ የተጻፈለት ኮንዶሚኒየም ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ ከሦስቱ ቶሎ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው ነው።

ጅምር ቤት

ወደ ዳቶና ወደ ቱላ አቅጣጫ ስትሄዱ ምሰሶው ቆሞ ፌሮው ወደ ሰማይ የቀረ ቤት በብዛት ታያላችሁ። የመግቢያ ዋጋው ያጓጓል። «ቀስ እያልኩ እጨርሰዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ግን ሲሚንቶና ብረት ቀስ ብለው በሚጨምሩበት አገር የሚሠራ ነው። የብር ተመን ሲወርድ መጀመሪያ የሚነካው ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ የመብራት ገመዱን፣ የቧንቧ ዕቃውን፣ ሴራሚኩን፣ የአልሙኒየም መስኮቱን። ከጅምሩ የሚቀረው ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ማጠናቀቂያ ነው።

ቤቱን ስታዩ ምሰሶው ላይ የወጣውን ፌሮ በአውራ ጣታችሁ እሹት። ጣት የሚያቀላ ዱቄት ብቻ ከሆነ በብሩሽ ይጠራል። ቅርፊት እየሆነ ከተነሳ፣ ብረቱ ሲነካ ቀጥኖ ከተገኘ፣ ስንት ክረምት እንደተቀመጠ ራሱ ነገራችሁ። የምሰሶውን እግር ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጠጠሩ ተራቁቶ በመካከሉ ቀዳዳ የሚታይ ከሆነ ኮንክሪቱ ሲሞላ በደንብ አልተነቀነቀም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ ምድር አንዳንዴ ትነቃነቃለች። እንዲህ ባለው ምሰሶ ላይ ፎቅ ጨምሬ እሸጠዋለሁ ብላችሁ አታስቡ፣ መሐንዲስ ሳያየው ደግሞ ቀብድ አትስጡ።

ሕጉም ለጅምር ቤት ቸር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታ እንደ ልብ እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ ዝውውሩ በአስተዳደሩ ክትትል ሥር ይውላል፣ ቦታው ካተረፈው ለሻጩ የሚደርሰውም ጥቂት ነው። ያልተከፈለ ዓመታዊ የሊዝ ክፍያና የግንባታ ማጠናቀቂያ ቀነ ገደብ ካለም ከቤቱ ጋር ወደ እናንተ ይመጣል። ካርታ የሌለውን የጨረቃ ቤት ከዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁትም፤ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ አይታወቅምና።

ጅምር ቤት የሚገዛው ጥሬ ገንዘብ ያለውና ለመሥራት የቆረጠ ሰው ብቻ ነው። ተከራይ አይገባበትም፣ ስለዚህ ገዢ እስኪመጣ ድረስ የሚደግፋችሁ ገቢ የለም። በዚህ ገበያ ሦስተኛ ያደረግሁት ለዚህ ነው። በቅርብ ሆኖ ሠራተኛውን የሚቆጣጠርና በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጨርስ ሰው ከሆናችሁ ግን ከሁሉም የበለጠ የምታተርፉት እናንተ ናችሁ። ውጭ አገር ሆኖ በወንድም በኩል የሚያሠራ ሰው ባይነካው ይሻላል፤ ወንድሙንም ላለማጣት ይረዳዋል።

ኪራዩና ወጪው

ለማሰቢያ ያህል ብቻ የወሰድኳቸው ቁጥሮች እነሆ። 9 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ግቢ ቤት በወር 25 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 300 ሺህ ብር ነው፤ ከዋጋው 3.3 በመቶ ገደማ። 3 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ኮንዶሚኒየም በ12 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 144 ሺህ ብር፣ 4.8 በመቶ። ሁለቱም ለባንክ ቁጠባ ከሚታሰበው 7 በመቶ ያንሳሉ። በቤት የሚተረፈው ዋጋው ሲጨምር ነው ማለት ነው፤ ያ ጭማሪ ደግሞ እጅ የሚገባው ሲሸጥ ብቻ ነው። ያያችሁትን ቤት እውነተኛ ቁጥር በዚሁ መንገድ አስሉት።

መሸጥም ወጪ አለው። ደላላው ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ ይጠይቃል። የስም ዝውውር የቴምብር ቀረጥ በ1990 ዓ.ም. አዋጅ 2 በመቶ ነው። በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከቤት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር አለ፤ ለመኖሪያነት ብቻ የዋለ ቤት ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ ስላለ፣ ኖራችሁበት ከሆነ ማስረጃውን አኑሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሸጥ ቤት እነዚህን ወጪዎች ብቻ ለመመለስ እንኳ መጨመር አለበት።

ዋጋ በሚዘልበት ጊዜ ሻጭ ከቃሉ ያፈገፍጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ የቀብዱ መጠን ሻጩን የሚያስር ይሁን፣ «ቀብድ» የሚለው ቃልም በጽሑፍ ይግባ። የሽያጩ ውል ራሱ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት መፈጸም አለበት። ከዚያ በፊት ይዞታው እግድ እንደሌለበት አጣሩ።

ምርጫዬ

በሥራ ምክንያት በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ሐዋሳን ልትለቁ የምትችሉ ከሆነ፣ ስሙ ወዲያው የሚዞርላችሁን ኮንዶሚኒየም ግዙ፤ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ከተገኘ የበለጠ። ልጆች እያሳደጋችሁ የምትኖሩበት ከሆነ አነስ ያለ ግቢ ቤት፣ ቤቱ ደከም ብሎ ሰፈሩ ጠንካራ የሆነውን። ጅምሩን በእጁ ገንዘብ፣ በአጠገቡ መሐንዲስ ላለው ተዉለት። ሁለት ቤቶች በዋጋም በሰፈርም እኩል ሆነው ካስቸገሯችሁ፣ ሁለቱንም ሻጮች ዋናውን ካርታ ይዘው ነገ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት እንዲገኙ ጠይቁ፤ የመጣውን ሰው ቤት ግዙ።