የቀለም ፕሪንተር ስትገዙ፦ የሚያሞቅ ሄድ ወይስ የሚገፋ?

ኢንክ ታንክ ፕሪንተር (ቀለሙ ታንክ ውስጥ እየተሞላ የሚሠራ) ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ በደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚያወጣ ነው። እኔ ግን ከፍጥነቱ በፊት ሄዱን፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል፣ አያለሁ፤ ፕሪንተር ሲበላሽ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነውና። ኤችፒና ካነን ለቤትና ለትንሽ ቢሮ በሚያቀርቧቸው ላይ ቀለሙን የሚረጨው ሙቀት ነው፤ ኤፕሰን ላይ ግፊት ነው።

በሙቀት የሚሠራው ሄድ ሲሊከን ቺፕ ነው፤ ላዩ ላይ እጅግ ጥቃቅን ማሞቂያዎች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ሲያልፍባቸው፣ የነካቸው ስስ የቀለም ንብርብር ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርና ጠብታዋን በቀዳዳው ገፍቶ ያስወጣታል። አረፋው ሲከስም አዲስ ቀለም ይገባል። ካነን እንደሚተርከው፣ ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1977 የጋለ መበየጃ ብረት ቀለም የያዘ ሲሪንጅ ነክቶ ቀለሙ ፊጭ ሲል ነው።

ኤፕሰን ማሞቂያ የለውም። ፒዬዞ የሚባለው ቁስ ቮልቴጅ ሲያገኝ ቅርጹን ስለሚለውጥ ቀለሙን ጨምቆ ያስወጣል።

ልዩነቱ ኪሳችሁ ጋ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የሚሞቅ ቀለም ማሞቂያው ላይ ቅሪት እየጋገረ ይሄዳል፤ ቀለም ሳይኖር ማተምም ማሞቂያውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ዕድሜው አጭር ነው። ነገር ግን እንደ ቺፕ በብዛት የሚመረት በመሆኑ፣ በብዙዎቹ የኤችፒ ስማርት ታንክና የካነን ፒክስማ ጂ ሞዴሎች ላይ ሄዱን ራሳችሁ ነቅላችሁ ትቀይራላችሁ። የኤፕሰኑ ሄድ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲኖር የተሠራ ነው። ካልደፈኑት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ከደፈኑት ግን ወደ ጠጋኝ መሄድ ነው። አየር ከገባበትም ግፊቱን አየሩ ስለሚውጠው ጠብታ አይወጣም፤ አየሩን ለማስወጣት ፕሪንተሩ ራሱን እንዲያጸዳ ስታደርጉት ደግሞ ቀለም ይጨርሳል። ታንኩን እስከ ጠብታው አታድርቁት።

በወር አንዴ ሁለቴ ለሚያትም ቤት ኤችፒ ወይም ካነን እመክራለሁ፤ ቢደርቅ እንኳ መፍትሔ አለው። በየቀኑ ለሚሠራ ሱቅ ኤፕሰን ይሻላል። ቲሸርትና ኩባያ ላይ ለማተም ካሰባችሁማ ምርጫው ያለቀ ነው፦ የሰብሊሜሽን ቀለም (ወረቀት ላይ ታትሞ በሙቀት ወደ ዕቃው የሚተላለፈው) ሙቀት ሲነካው ባሕርዩ የሚለወጥ ስለሆነ ማሞቂያ ያለው ሄድ አይስማማውም፤ ፒዬዞ ግን ይረጨዋል።

መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለቱም ይጎዳሉ። ሄዱ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ሳይከደን ስለሚቀር ቀዳዳዎቹ ይደርቃሉ። ሥራ ስትጨርሱ በራሱ ቁልፍ አጥፉት እንጂ ሶኬት አትንቀሉ።

ሱቅ ውስጥ ለኤችፒና ለካነን ‹‹ሄዱ ለብቻው ስንት ነው፣ አሁን አለ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ኤፕሰን ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ) አስወጡ፤ መስመሮቹ ተቆራርጠው ከወጡ ‹‹ሲታጠብ ይስተካከላል›› ቢሏችሁም ሌላ ፈልጉ።