ባለ ሽቦ ስቶቭ፣ ዝግ ስቶቭ ወይስ ባለ ክር የላምባ ምድጃ?

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንኩርቴን ያቁላላሁት በባለ ሽቦ ስቶቭ ነው። አሁን የምጠቀመው ዝጉን ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ የላምባ ምድጃዬ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። መርካቶ ወርዳችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሦስቱን ልዩነት ልንገራችሁ።

ባለ ሽቦው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነውና። በሸክላው ቦይ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛው ሽቦ ተራ ብረት አይደለም። ናይክሮም ይባላል፤ በብዛት የሚሠራበት ዓይነት 80 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ክሮሚየም ነው። ተራ ብረት በየቀኑ እንዲህ ቢግል ዝጎ ይፈረካከሳል። ናይክሮም ግን ሲግል ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ያወጣል፤ ውስጡን ከአየር የሚጠብቀው ያ ቅርፊት ነው። የሚቀልጠውም 1400 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ሙቀቱ ብቻውን ቶሎ አይጥለውም። ጠላቱ የሚፈስበት ነገር ነው። ጨው ያለው ወጥ ገንፍሎ ሲነካው ቅርፊቱ ይበላል፣ ሽቦው እዚያች ቦታ ላይ ይቀጥናል። የቀጠነው ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ የጋለው ይብስ ይቀጥናል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል።

የእኔው በሦስተኛው ወር ሽሮ ገነፈለበትና ተበጠሰ። ወደገዛሁበት ሱቅ ይዤው ብሄድ ሻጩ፣ «እህቴ፣ ይሄማ ምን ችግር አለው፤ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዘሽ አገናኚው» አለኝ። አገናኘሁት። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ ሳየው ሽቦው ሁሉ ቀልቶ የጠመዘዝኩባት ቦታ ብቻ ነጭ ለመሆን ትንሽ ቀርቷት ነበር። በደንብ ያልተጣበቀ መገናኛ ለኤሌክትሪኩ ጠባብ በር ነው፤ ሙቀቱ እዚያ ይከማቻል። አሥር ቀን ሳይሞላ እዚያው ላይ ተበጠሰ።

ደግሞ በየጥገናው ሽቦው ያጥራል። ሲያጥር የሚደክም ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚሰጥ ሽቦ ኤሌክትሪኩን የመግታት አቅሙ 48 ኦም ገደማ ነው፤ ሲያጥር ይህ አቅም ስለሚቀንስ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ 1110 ዋት አካባቢ ይወጣል። «ጥገናው አበረታው» እያልኩ ስደሰት፣ ትርፉን ጭነት የተሸከመው ገመዱና ስፒናው ነበር። ከአራተኛው ጥገና በኋላ ስፒናው ቀልጦ ሶኬቱ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት።

ከዚህ የሚብሰው ኤሌክትሪኩ በሽቦው ላይ እርቃኑን መሄዱ ነው። የድስቱ ቂጥ ጎርበጥ ካለ ሽቦውን ይነካል፤ በብረት ማንኪያ ስታማስሉ ይነዝራችኋል። ልጅ ያለበት ቤት አታስገቡት። ደህና ጎኑን አልክድም፦ ቶሎ ይግላል፣ ዋጋው ረከስ ያለ ነው፣ ሲበላሽም ሽቦው ብቻውን ተገዝቶ ይቀየራል። ስትቀይሩ ሙሉውን አዲስ አድርጉ፣ ቦዩ ውስጥም እኩል ሳቡት። አንድ ቦታ ተጨናንቆ ከተኛ እርስ በርሱ ተሟሙቆ እዚያው ይቃጠላል።

ዝጉ ስቶቭ ውስጥ ያለውም ያው ዓይነት ሽቦ ነው። ልዩነቱ ሙቀት እያሳለፈ ኤሌክትሪክ በሚከለክል ነገር ተጠቅጥቆ ከወፍራም ብረት ሳህን ሥር መቀበሩ ነው። ወጥ ቢገነፍልበት ሽቦው ጋ አይደርስም። ለመሞቅ ግን ይዘገያል፤ ጠዋት ለሥራ ስትቻኮሉ ያናድዳል። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ቶሎ አይበርድም፤ እኔ ወጡ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አጠፋዋለሁ፣ በቀረው ሙቀት ይጨርሳል። ቂጡ ክብ የሆነ ጀበና ሳህኑን የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ቡና እስኪፈላ ዕድሜ ይወስዳል። ቂጡ ጠፍጣፋ ጀበናና ድስት ያስፈልጋችኋል። ውስጡ ከተቃጠለ ደግሞ ጥገና የለውም፤ ሳህኑ እንዳለ ይቀየራል።

በጋራ ቆጣሪ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ሲያበስል ኃይሉ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ቮልት ሲሆን 1000 ዋት የሚለው ስቶቭ 670 አካባቢ ነው የሚሰጣችሁ። ስቶቩ አልደከመም፤ ባለ ሽቦም ዝግም ብትገዙ ያው ነው። ይህን ለማካካስ 2000 ዋቱን የሚገዙ አሉ። እሱ ሙሉ ኃይል ሲመጣ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ አከራያችሁ በዚያው መስመር ምጣድ ከጣዱ ብሬከሩ ይወርዳል። በዲቫይደር ደግሞ በፍጹም አትሰኩት። ለአንድ ክፍል 1000 ዋት ዝግ ስቶቭ ነው የምመክረው።

የላምባ ምድጃው ሥራውን የሚሠራው በክሩ ነው። ላምባው በጥጡ ጭረቶች መካከል በራሱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ይተናል፤ የሚነደው ትነቱ እንጂ ክሩ አይደለም። ታንኩ ሲደርቅ ግን ክሩ ራሱ መቃጠል ይጀምራል። አንዱን መዝዛችሁ ብታዩት ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ደርቋል፤ በመቀስ ቀጥ አድርጋችሁ ከርክሙት። ክሮቹ እኩል ካልቆሙ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱም ጥቀርሻ ይለብሳል። ሰማያዊ እስኪሆን ዝቅ አድርጉት። በር ዘግታችሁ አታንድዱት፣ እየነደደም ላምባ አትጨምሩበት።

የኤሌክትሪክ ሲጋራም ውስጡ ይኸው ነው፤ በባትሪ የሚግል ትንሽ ሽቦ፣ ከጥጥ ጋር። ጥጡ ሲደርቅ እንደ ላምባው ክር ይቃጠላል፣ ያንን ጭስ የሚስበው ግን ሳንባ ነው። የትኛው የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይሻላል ለምትሉኝ ወጣቶች፣ አላወዳድርም፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሸጡ የተከለከለ ነው።

ስቶቩን ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ባለ ሽቦውን በክንዳችሁ ጋርዳችሁ እዩት፤ ከሌላው ነጣ ያለ ቦታ ካለው መልሱት። ዝጉን ከሆነ ነቅላችሁ ስፒናውን በእጃችሁ ያዙት፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ ካቃጠላችሁ ግን ሌላ አስወጡ።